በቃል ያለ ይረሳል፤ የእጅ ዕውቀት መጻሕፍትና እኛ

ከመጻሕፍት ሣጥን (የዘወትር ዓምድ)

  

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራችሁ ስለ ልብ ወለድና ስለ ታሪክ መጻሕፍት ነው። ዛሬ ግን ለየት ያለ ነገር ይዘን ቀርበናል። ምክንያቱ ባለፈው ሰሞን በቤተ መጻሕፍታችን በር ላይ ያየነው ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእርዳታ ከመጡት አሮጌ መጻሕፍት መካከል ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ወፍራም፣ በሥዕል የተሞላ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አለ። ልጆች በጣም ይወዱታል። የዚያን ዕለት ሦስት ልጆች ከበውት አንድ ገጽ ላይ ዓይናቸውን ተክለዋል። ሥዕሉ ላም እንዴት እንደምትታለብ ያሳያል። ጣት እንዴት እንደሚይዝ፣ ከላይ ተጨብጦ እንዴት ወደ ታች እንደሚጨመቅ 1፣ 2፣ 3 እየተባለ ተስሏል። ከልጆቹ አንዱ እዚሁ ካምፕ ተወልዶ 11 ዓመት የሞላው ነው። እንግሊዝኛውን በጣቱ እየተከተለ ለጓደኞቹ ይተረጉማል። አያቱ ሊወስዱት መጥተው በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጠጋ ብለው ሥዕሉን አዩና ሳቃቸው መጣ።

«እንዴ! ለዚህም መጽሐፍ ተጻፈለት?» አሉ። ቀጥለውም ሳቃቸውን ተወት አድርገው፣ «አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ላም ሳልብ ነው ያደግሁት። ምነው እኔን ብትጠይቀኝ?» አሉት።

ልጁ ቀና ብሎ አያቸውና፣ «እማማ፣ መቼ ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?» አላቸው።

እሳቸው ዝም አሉ። እውነቱን ለመናገር እኛም ዝም አልን። ዛሬ የምንጽፈው ያቺ ዝምታ ስለከነከነችን ነው።

ለመሆኑ እነዚህ መጻሕፍት ምንድን ናቸው? ዳቦ እንዴት እንደሚጋገር፣ ዶሮ እንዴት እንደምትረባ፣ ሳሙና፣ ቅርጫትና ወንበር እንዴት እንደሚሠራ፣ ልጆች በቤት ውስጥ ምን እየሠሩ እንደሚጫወቱ የሚያስተምሩ ናቸው። በእንግሊዝና በአሜሪካ ከ200 ዓመት በላይ ሲጻፉ ኖረዋል። ታሪካቸውን ስናገላብጥ ብዙዎቹ የተጻፉት የቸገረ ጊዜ መሆኑን አየን። ከነዚህ ጥቂቶቹን እናስተዋውቃችሁ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው የእንግሊዛዊው የዊሊያም ኮቤት መጽሐፍ ነው። ኮቤት የገበሬ ልጅ ነው፤ በሙያው ጋዜጠኛ ነበር። ወታደሮች መገረፋቸውን ሲሰማ ዝም አላለም፤ ጻፈ። በዚህም የተነሣ ከ1810 እስከ 1812 ሁለት ዓመት ታሰረ። በ1817 መንግሥት ሰውን ያለ ፍርድ የማሰር ሥልጣን ሲያገኝ ደግሞ እንደገና እንዳይያዝ ሰግቶ ወደ አሜሪካ ሸሸ። እዚያ እርሻ ይዞ ቆይቶ በ1819 ወደ አገሩ ተመለሰ። እንግዲህ በእኛ አነጋገር ስደተኛ ነበር ማለት ነው። ከተመለሰ በኋላ በ1821 እና በ1822 «ኮቴጅ ኢኮኖሚ» የተባለውን መጽሐፍ በትንንሽ ጥራዝ እየከፋፈለ አሳተመ። «የጎጆ ኑሮ አያያዝ» ብንለው ያስኬዳል። ለድሃ ሠራተኛ ቤተሰብ ቢራ መጥመቅን፣ ዳቦ መጋገርን፣ ላም፣ ንብ፣ ዶሮና ጥንቸል መያዝን፣ ለባርኔጣ የሚሆን ገለባ መጎንጎንን ያስተምራል።

የኮቤት ትልቁ ጠላት ማን መሰላችሁ? ሻይ! ሻይ ለሠራተኛ ሰው ጉልበት አይሰጥም፣ ገንዘብ ይበላል፣ ለማፍላቱ የሚጠፋው ጊዜና ማገዶም ቀላል አይደለም ብሎ ወጪውን አንድ በአንድ ደምሮ አስቀምጦታል። እኛ ካምፕ መጥቶ ቢሆን ኖሮ የሻይ ቤቶቻችንን በር ሊያዘጋ ነበር። ቡናችንን ደግሞ ሦስት ጊዜ ስናፈላ ቢያይ ምን ይል ይሆን? በዚህ በዚህ አንስማማም። አንድ ነገሩን ግን ወደነዋል፤ ለድሃ ምክር ሲሰጥ «ጎበዝ ሁን፣ ታገሥ» ብሎ አያልፍም። ይህን ያህል ዱቄት፣ ይህን ያህል ማገዶ፣ ይህን ያህል ወጪ እያለ ሒሳቡን ሠርቶ ያሳያል።

ሁለተኛው ጆን ሴይሞር ነው። ይህ ሰው ወደ እኛም ጎራ ብሎ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኬንያ ውስጥ «ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ» በተባለው የእንግሊዝ የቅኝ ግዛት ጦር ገብቶ በኢትዮጵያ ምድር ከጣሊያን ጋር ተዋግቷል። ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ተመልሶ ሳፎክ በተባለ የእንግሊዝ ገጠር በ5 ኤከር መሬት ላይ ከቤተሰቡ ጋር የሚበላውን ራሱ ማምረት ጀመረ። 5 ኤከር 2 ሄክታር ያህል ነው። በ1976 ራስን ስለ መቻል ያሳተመው ትልቅ ባለ ሥዕል መጽሐፍ በብዙ አገር ተነቧል። ከእርሻ እስከ ከብት፣ ከዳቦ እስከ ንብ የማይነካው የለም። እንግሊዝኛውን የማያነብ ሰው እንኳ ሥዕሉን አይቶ ብዙውን ይረዳዋል።

ሦስተኛዋ አሜሪካዊቷ ካርላ ኤመሪ ናት። እሷን ለየት የሚያደርጋት ገና ያልጻፈችውን መጽሐፍ በማስታወቂያ መሸጧ ነው። በ1970 ገደማ ነበር። ሰዎች ገንዘብ ሲልኩላት ደነገጠች፤ ግን ወደ ኋላ አላለችም። አይዳሆ በተባለው ክፍለ ግዛት በገጠር ቤቷ ልጆቿን እያሳደገች ክፍል በክፍል ጻፈች፤ በስቴንስል እያባዛች ለከፈሉት ላከች። አንባቢዎቿ በደብዳቤ የሚልኩላትን ምክርም እየጨመረችበት ሙሉ መጽሐፉ በ1974 ተጠናቀቀ። በኋላ «የገጠር ኑሮ ኢንሳይክሎፒዲያ» በሚል ስም የታወቀው ይኸው ነው። እንግዲህ ይህች የእኛ መጽሔት በፎቶ ኮፒ ወጥታ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር የምታፍሩ ካላችሁ አትፈሩ፤ ትልቅ መጽሐፍም እንዲህ ተጀምሯል።

ለልጆች ጨዋታ ደግሞ የቢርድ ቤተሰብ አለ። ዳንኤል ቢርድ በ1882 ለወንዶች ልጆች የሚሆን የእጅ ሥራ መጽሐፍ አወጣ። በራሪ ወረቀት፣ የዓሣ ማጥመጃ፣ ትንሽ ጀልባ፣ ሁሉንም ልጁ ራሱ እንዲሠራው ነው የሚያሳየው። እህቶቹ ሊናና አዴሊያ ደግሞ በ1887 ለሴቶች ልጆች የሚሆን ጻፉ። የሦስቱም ሐሳብ አንድ ነው፤ ልጅ የሠራውን መጫወቻ ከተገዛለት ይበልጥ ይወደዋል። ይህን እኛም እናውቃለን። ከካልሲና ከፌስታል የተጠቀለለችው ኳስ፣ ከዘይት ቆርቆሮና ከሽቦ የተሠራችው መኪና ምስክሮቻችን ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ ተነሥቶ፣ «ቆይ እንጂ! እነሱ እኮ መርጠው ነው። መሬት ገዝተው፣ ላም ገዝተው፣ ሲሰለቻቸው ወደ ከተማ መመለስ ይችላሉ። እኛ ቀላል ኑሮን መቼ መረጥን?» ቢለን መልስ የለንም። እውነቱን ነው። 5 ኤከር ቀርቶ ከመጠለያችን ደጃፍ ያለችው ስንዝር መሬት እንኳ የእኛ አይደለችም። በቆርቆሮና በሸራ ቤት ለሚኖር፣ ራሽኑ ሲቀነስበት ለሚጨነቅ ሰው «ራስህን ቻል» የሚል መጽሐፍ ማንበብ አንዳንዴ ሆድ ያስብሳል። ስለዚህ ይህን ዓምድ አንብባችሁ ራሽን ሊቀርባችሁ እንደሚችል አታስቡ፤ በድስት ሙሉ ጎመን አምስት ልጅ አያድግም። መብታችንን መጠየቅም አንተውም።

ታዲያ ለእኛ የሚሆነው ምናቸው ነው? ይህን ያገኘነው ከአራተኛው መጽሐፍ ነው። ስሙ «ፎክስፋየር» ይባላል።

በአሜሪካ የጆርጂያ ክፍለ ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ የአፓላቺያ ተራሮች አሉ። የተራራው ሕዝብ ድሃ ነበር፤ የከተማ ሰው ኋላ ቀር እያለ ይቀልድበታል። በ1966 ረቡን ጋፕ በተባለ ቦታ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ትምህርት ሰልችቷቸው ነበር። ከመምህራቸው ጋር ተማከሩና የራሳቸውን መጽሔት ለማዘጋጀት ተስማሙ። በሌሊት በበሰበሰ እንጨት ላይ የሚያበራ የእንጉዳይ ዓይነት በአገራቸው «ፎክስፋየር» ስለሚባል ስሙን ለመጽሔታቸው ሰጡት። የመጀመሪያው እትም በ1967 ወጣ። ድምፅ መቅጃና ካሜራ ይዘው ወደ አያቶቻቸውና ወደ ጎረቤት ሽማግሌዎች ሄዱ። የግንድ ቤት እንዴት ይሠራል? ሳሙና ከአመድና ከስብ እንዴት ይወጣል? ቅቤ እንዴት ይናጣል? ወንበር፣ ቅርጫት፣ የጨርቅ ብርድ ልብስ? እየጠየቁ ጻፉ። በ1972 ጽሑፉ ተሰብስቦ መጽሐፍ ሆነ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ። ተከታታይ ጥራዞችም ወጡ። በ1980 የወጣው 6ኛው ጥራዝ 100 ያህል የልጆች መጫወቻና ጨዋታ ይዟል። ከመጽሐፉ በተገኘው ገቢ ተራራ ላይ መሬት ገዝተው ጥንታዊ የግንድ ቤቶችን ሰበሰቡበት፤ ሙዚየም ሆነ።

ተማሪዎቹ ከጠየቋቸው ሰዎች መካከል የሰፈሩ ሰው «አክስት ኤሪ» የሚላቸው አሮጊት ነበሩ። በ1885 ተወልደው በ1978 ያረፉ፣ የቧንቧ ውሃ በሌለው የግንድ ቤት የሚኖሩ ሴት ናቸው። ልጆቹ ሲደርሱ አክስት ኤሪ የአሳማ ራስ እያዘጋጁ ነበር። ሥጋው ለእኛ ቤት አይሆንም፤ ትምህርቱ ግን ይሆናል። አሮጊቷ ሥራቸውን ጥለው ቃለ መጠይቅ አልሰጡም፤ «ና፣ አግዘኝ» ብለው ልጁን ሥራ ውስጥ አስገቡት። ልጆቹም እያገዙ ጠየቁ፣ እየጠየቁ ጻፉ።

ለእኛ የሚሆነውን ያገኘነው እዚህ ላይ ነው። እነዚያ ልጆች መሬት አልገዙም፤ አዲስ ነገርም አልፈለሰፉም። ዓለም ኋላ ቀር ያላቸውን አያቶቻቸውን ጠየቁ፤ የሰሙትን ጻፉ። በቃ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ እነሱም ወርቃቸውን እንደ መዳብ ሲያዩት ኖረው ነበር።

እኛስ? ከአገር ስንወጣ ከብቱ ቀረ፤ ቤቱ ቀረ፤ ፎቶው እንኳ የቀረብን ብዙ ነን። ኬላ ላይ ሻንጣችን ተፈትሿል። የእጅ ዕውቀት ግን ሻንጣ አይፈልግምና ማንም ሳይነካው አብሮን ተሻገረ። ችግሩ ከባለቤቱ ጋር መቀበሩ ነው። በዚህ ካምፕ ስንት ሽማግሌና አሮጊት ቀብረናል? ከእያንዳንዳቸው ጋር ምን አብሮ እንደተቀበረ ጠይቀን እናውቃለን?

ዕውቀቱ ገና አለ። በአንዱ ብሎክ ያለች እናት አክርማና ስንደዶ ባታገኝ ከጆንያ በፈታችው ክር ሌማት ትሰፋለች። ወስፌዋን ከጃንጥላ ሽቦ ነው የሠራችው። ማታ ማታ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረው በጠጠር ገበጣ የሚጫወቱ አባቶች አሉ። አንዱ ሁለት ረድፍ ነው ይላል፣ ሌላው የለም ሦስት ረድፍ ነው ይላል፤ እስከ እራት ይከራከራሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ጨዋታው እንደየአገሩ ይለያያል። ሁለቱንም ብንጽፈውስ?

ምሳሌ እንዲሆን ከአንድ አባት ጠይቀን የጻፍነውን እነሆ። በኬንያ ካምፖች ለዓመታት የተለመደው የጆንያ ጓሮ ነው።

አንድ ያልተቀደደ ጆንያ ውሰዱ። አፈር ከደረቀ የፍየል ወይም የአህያ ፋንድያ ጋር ቀላቅሉ፤ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ፋንድያ። ግራና ቀኙ የተከፈተ የዘይት ቆርቆሮ በጆንያው መሐል አቁሙና ጠጠር ሙሉበት፤ ዙሪያውን አፈሩን ሙሉ። ከዚያ ቆርቆሮውን ወደ ላይ ሳብ አድርጉ፤ ጠጠሩ በቦታው ይቀራል። እንደገና ጠጠር፣ እንደገና አፈር፣ እያላችሁ እስከ አፉ ድረሱ። የመሐሉ ጠጠር ውሃውን እስከ ታች ያደርሳል፤ እሱ ከሌለ ላዩ ይጨቀያል፣ ታቹ ደርቆ ይቀራል። በጆንያው ጎን ስንዝር ስንዝር እየለካችሁ ቅዱና የሱኩማ ወይም የቆስጣ ችግኝ ሰኩበት። ቀዳዳዎቹ አንዱ በሌላው ትይዩ አይሁኑ። ጠዋትና ማታ ከላይ ውሃ ስጡት። ጎመን የታጠበበት ውሃ ይሆናል፤ በረኪና ወይም ብዙ ሳሙና ያለበት ግን ችግኙን ይገድለዋል። የቀትር ፀሐይ ከበረታ በአሮጌ ነጠላ አጥሉት። ስትቀጥፉ የውጩን ቅጠል ብቻ ቅጠፉ፤ ልቡን ከተዋችሁለት መልሶ ያወጣል።

አባታችን ይህን ነግረውን ሲያበቁ፣ «ይሄ ደግሞ ምኑ ይጻፋል?» አሉን። የሚጻፈው እሱ ነው አልናቸው።

እንግዲህ ወጣቶች፣ ለመጻፍ ስትነሡ ጥቂት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ እጃቸው ሥራ ላይ እያለ ጠይቁ። ሰው ቁጭ ብሎ ሲናገር የሚረሳውን እጁ ያስታውሰዋል። ሁለተኛ፣ «ትንሽ» እና «እስኪበቃው» የሚለውን ቃል አትለፉት። ትንሽ ስንት ነው? በየትኛው ጣሳ? ሲበቃው በምን ይታወቃል፣ በሽታው ወይስ በቀለሙ? ሦስተኛ፣ ስማቸው እንዲወጣ ይፈቅዱ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ፤ በእኛ ኑሮ ስሙ እንዲታተም የማይፈልግ ሰው ይኖራል። አራተኛ፣ አነጋገራቸውን አታርሙ። የጎንደር ሰው እንደ ጎንደር፣ የወሎ ሰው እንደ ወሎ ይናገር። አምስተኛ፣ ጽፋችሁ ስትጨርሱ መልሳችሁ አንብቡላቸው፤ «እንዲህ አላልኩም» ካሉ እነሱ ናቸው ልክ።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለን። በአሮጌ መጻሕፍትም ሆነ በሽማግሌ ቃል ያለ ሁሉ አይሞከርም። የአመድ ውሃ ሳሙና ሲሠራ ዓይን ያጠፋል፤ ልጆች ባሉበት አይነካ። የድሮ መድኃኒት ለታሪክ እንጽፈዋለን፤ የታመመ ልጅ ግን ወደ ክሊኒክ ይሂድ። ፎክስፋየር ውስጥ የአረቄ አወጣጥም አለ፤ እሱን ለፈረንጆቹ ትተንላቸዋል!

ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ በዚህ ዓምድ ግርጌ አንዳንድ የእጅ ዕውቀት እናወጣለን። ስፌት፣ ሸማ መቋጨት፣ ምጣድ ማሰስ፣ ድርቆሽ፣ እንቆቅልሽ፣ የልጆች ጨዋታ፣ ሁሉንም እንቀበላለን። ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ይበቃል፤ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ስጡልን። መጻፍ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ደግሞ ልጅ ይላኩልን፤ እኛው መጥተን እንጽፋለን።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ደርሶናል። የጻፈው ያ የ11 ዓመት ልጅ ነው። አያቱ ላም ስለሌላቸው ፌስታል ውሃ ሞልተው፣ ጫፉን በመርፌ ወግተው እንዴት እንደሚጨመቅ አሳዩት። እንዲህ ይላል፦

«አያቴ እንዳለችው መጀመሪያ ማለቢያው ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ከዚያ እጅ ይታጠባል። ከዚያ ጥጃው ይለቀቅና ትንሽ ይጠባል። ጥጃው ሳይጠባ ላሟ ወተቷን አታወርድም። ከዚያ ጥጃው እናቱ ፊት ይታሰራል፣ እሷም እየላሰችው ትታለባለች። ሁሉንም አሟጦ ማለብ ነውር ነው፣ ለጥጃው ይተዋል። አያቴ የምታልባት ላም ስሟ ቦራ ነበር። ይሄ እኛ ባየነው ሥዕል ላይ የለም።»

እውነቱን ነው፤ ገጹን ገልጠን አየነው፣ የለም።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር ያሰንብተን።

የዝግጅት ክፍሉ